የፍየሏ የፊት ግራ ጎማ

ጥር 14 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
ከጓሮው መጠለያ ሥር

ለናፈቅሽኝ ልጄ፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ እሑድ ዕለት ድምፅሽን ስለሰማሁ መልሱን ግማሽ በግማሽ አውቀዋለሁ። ጉንፋኑ ለቆሻል፤ ሌላው ነገር አልለቀቀሽም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ብድግ ስል ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ምክንያቱን ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ትደርሺበታለሽ። ጠረጴዛዬ የተገለበጠ የዘይት በርሜል ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው ጥቁር አሻራ የኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም አልለቅ ብሎኝ ነው።

አዎ፣ ግራሶ ነው። እናትሽ መኪና እየሠራች ነው።

እሑድ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ እንደ ተራ ወሬ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነገር አለ። መሥሪያ ቤትሽ የገጠር ውኃ ፓምፖች ተቆጣጣሪ ሊያደርግሽ እንደፈለገ፣ ሥራው ግን መኪና ይዞ መዞር ስለሆነ እምቢ ልትይ እንደሆነ ነገርሽኝ። “እማዬ፣ እኔ መሪ የምይዝ ሰው አይደለሁም። አጎቴ እንዴት እንደሚራመድ እያየሽ” አልሽ። መልሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው አልሽ። እኔም “አንቺ ታውቂያለሽ” ብዬ ዘጋሁት። ያ ቃል ልክ አልነበረም። አንቺ አታውቂም፤ የማውቀው እኔ ነኝ።

መኻል ላይ እንዳታቆሚው አደራ። ከመነሻው ጀምሬ በተራ ነው የምነግርሽ። በተራ ያልተፈታ ነገር በተራ እንደማይገጠም በዚህ በስድስት ወር ውስጥ ተምሬያለሁ።

ፍየሏን ለማስታወስ መቼም ሥዕል አያስፈልግሽም። አባትሽ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሻሲ አውጥቶ፣ ሞተሯን ከሌላ ነቅሎ፣ ጣራዋን በቧንቧ በይዶ፣ መቀመጫዋን ከተጣለ አውቶቡስ አምጥቶ የሠራት፤ ድንጋይ ለድንጋይ ስለምትወጣ ፍየሏ ያልናት። በመኪና ውድድሩ አንቺ እየነዳሽ ከአጎትሽ ጋር ከተገለበጣችሁ በኋላ አባትሽ ሸራ አልብሷት “ማንም እንዳይነካት” አለ። አንቺ በዓመቱ ሄድሽ። እሱ ከሞተም ይኸው ሦስት ዓመት። እኔ ሸራው ዝናብ እያጠራቀመ ሲረግብ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁ ኖርኩ።

በክረምቱ ነፋስ ሸራውን ቀደደው። ብረት ገዢው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “እናቴ፣ ሞተሯ ይነሣል?” አለኝ።

“አላውቅም” አልኩት።

“ጓሮዎ ውስጥ ያለ ነገር አያውቁም?”

ሰውዬው ሳቅ ብሎ ሄደ፤ ነገሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። እውነቱን ነው። ሃያ ዓመት ያህል ለዚያች መኪና መፍቻ ሳቀብል ኖሬ ይነሣ አይነሣ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ካንቺ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ አንቺ ተኝተሽ እኔ “በ ቡ ቢ” ስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የአባትሽን የመኪና መጽሐፍ ግን ገልጬው አላውቅም። ሽፋኑ ወልቆ፣ በጣቱ አሻራ ጠቁሮ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ምን ገባኝ መሰለሽ፣ ሞተር ማለት እየተነፈሰ የሚበላ ነገር ነው። እሱን ካወቅሽ ሌላው ዝርዝር ነው።

አጎትሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ እንደሚመጣው መጣ። እንደምታውቂው ቀኝ እግሩ ስለማይታጠፍ የስፌት መኪናውን በግራው ነው የሚረግጠው፤ ደንበኞቹ ግን ስፌቱ ወደ ግራ ያደላል ብለው አያውቁም፤ ይህን ቀልድ ራሱ ነው የሚነግረው። ኮፋኖው ውስጥ አንገቴን ከትቼ ሲያየኝ ቆመ።

“እቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“እያየሁ ነው።”

“ማየትማ በዓይን ነው። መፍቻው ምን ያደርጋል?”

“ዓይን የማይደርስበትን ያያል።”

“ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ አሉ” ብሎ ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረዳቴ ነው። ረዳት ስልሽ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚተች።

ባትሪ ለወጥን። የተበላሸውን ቤንዚን አወጣን። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች በሽቦ ብሩሽ አጠብኳቸው፤ ከአራቱ አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ተቀየረ። በስምንተኛው ሙከራ ፍየሏ እንደ አሮጌ አጫሽ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሣች! አጎትሽ ከወንበሩ ሲነሣ እግሩን ረስቶት ሊወድቅ ነበር። በሰባት ደቂቃ ግን እልም አለች። ጥቂት ቆይተን ብንሞክራት ተነሣች፤ አሁንም በሰባት ደቂቃ ጠፋች።

እዚህ ላይ የኔ ነገር ታውቂያለሽ፤ ለምን የሚለው ካልገባኝ ምግብ አይዋጥልኝም። የወጥ ቤቱን ሰዓት አውጥቼ በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። ቤንዚኑ ሙሉ ሲሆን ሰባት ደቂቃ። ግማሽ ሲሆን ሃያ አንድ። እንዴት ነው የጠገበ ቶሎ የሚደክመው? አጎትሽን ብጠይቀው “ሰውስ ቢሆን” አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩት። መልሱ የመጣልኝ ዕቃ ሳጥብ ነው፤ ከመጽሐፉም አይደለም፣ ካንቺ ነው። ሕፃን ሆነሽ ጡጦ ስትጠቢ ጫፉ ተጨማድዶ ይጣበቅና ጩኸቱን ታቀልጪው ነበር። ክዳኑን ትንሽ ላላ ሳደርገው አየር ፉጭ ብሎ ይገባል፣ ወተቱም ይወርዳል። ሮጬ ወጥቼ የቤንዚን ማስቀመጫውን ክዳን ከፈትኩት። ፉጭ! ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ እሷን የጭቃ ተርብ ገብቶ ቤት ሠርቶባታል። ሞተሩ ቤንዚኑን ሲጠጣ በምትኩ የሚገባ አየር የለም። ሙሉ ሲሆን ውስጡ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ሲጎድል ብዙ ስለሆነ ይቆያል። ይኸው ነው! በመርፌ ወጋሁትና ፍየሏ ቤንዚኗን እስክትጨርስ ሠራች።

“ይሄን ሁሉ ሳምንት ያሰቃየን ተርብ ነው?” አለ አጎትሽ። “እኔ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጠብቄ።”

የውኃ ፓምፖችሽስ እንዲህ ያደርጋቸዋል? አየር ሲያጡ ነው ወይስ አየር ሲገባባቸው ነው የሚቆሙት? ስትመልሺልኝ ይህን እንዳትረሺ።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነበር። ፔዳሉን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ ደጋግሜ ስረግጠው ይመጣል፣ ቆይቶ መልሶ ይሰምጣል። በመጽሐፉ መሠረት ከሥሩ ያለውን ዋናውን ሲሊንደር ፈትቼ ባወጣው ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጠዋል። መጽሐፉ እንዲህ የሚሆነው የሞተር ዘይት ሲገባበት ነው ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አጎትሽ ያበጡትን ጎማዎች ከእጄ ወስዶ አገላበጣቸው።

“ምነው?”

“ያኔ... በውድድሩ ዋዜማ ጎድሎ አይቼ ሞልቼው ነበር።”

“በምን?”

“በዘይት።”

“በየትኛው ዘይት?”

“እቴ፣ ዘይት ዘይት ነው! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ!” አለ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጨው መሰለ። “እና... የገለበጥኩን እኔ ነኝ? ልጅቷ አይደለችም?”

አየሽ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን እግር እየጎተተ፣ አንድ ቀን አንቺን በክፉ ሳያነሣ ኖሮ፣ ጥፋቱ የሱ ሊሆን ይችላል ሲባል የመጀመሪያው ቃሉ “ልጅቷ አይደለችም?” ሆነ። ደስ ያለው ሁሉ መስሎኛል። እኔ ግን ጎማ በአንድ ሌሊት እንደማያብጥ አንብቤያለሁ፤ አንቺም ሆስፒታል ውስጥ “ፍሬኑ ይዞልኝ ነበር” ብለሻል። “አንተ አይደለህም” አልኩት። “እንዴት ታውቂያለሽ?” አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሻይ ልጥድ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

አሁን የፊት ግራ ጎማ ላይ ደርሻለሁ፤ እስካሁን ዙሪያዋን ስዞራት ነበር።

የቤታችን ሕግ ትዝ ይልሻል። ያጠበቀ አይቀባም፤ የሚቀባም ሳይነካ አይቀባም። አባትሽ ዳዶውን በመፍቻ ያጠብቅና “ጠበቀ!” ይላል። እኔ መፍቻውን ከእጁ ተቀብዬ በራሴ ክንድ እሞክረዋለሁ። እምቢ ካለኝ ከቡሎኑ ጫፍ ተነሥቼ፣ በዳዶው ላይ አድርጌ፣ እስከ ብረቱ ድረስ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር እስባለሁ። ለጥፍሬ የተገዛው ቀለም ጥፍሬን ሳይነካ ለዳዶ አለቀ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ቀይ ያለበትን ደግሞ ማንም ተመልሶ አይነካውም። ሁለት ሰው ያየው ነገር ነዋ።

ዓርብ ነበር፤ ለእሑዱ ውድድር ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። አባትሽ የፊት ግራውን ጎማ አውልቆ፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ጫፍ ቀይሮ፣ ዳዶውን በጣቱ አዙሮ እንዳስገባው በያጁ በር ላይ ተጣራ። ከታች ሞተሩን የሚከላከለውን ብረት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ለሁለት ነው የሚወርደው። አባትሽ “መጣሁ” ብሎኝ ሄደ። እኔ የጥፍር ቀለሙ በቀኝ እጄ፣ መጽሐፌ በግራ እጄ ነበር። አንዲት ሴት ባሏን ፍለጋ ባሕር የምታቋርጥበት ልብ ወለድ ነው፤ ገጽ 212 ላይ አውራ ጣቴን ከትቼ ይዤዋለሁ፤ ማዕበሉ ተነሥቷል። እዚያ ጎማ ላይ ያሉትን ዳዶዎች ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ቀባኋቸውና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወደ ማዕበሌ ተመለስኩ። አንዱንም በእጄ አልነካሁም።

ያጠበቀው መስሎኝ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር መስሎኝም አልመሰለኝም። አላሰብኩትም። ያሰብኩት መጽሐፌን ነው።

አባትሽ ተመልሶ ቀዩን አየ። ቀዩን ካየ ደግሞ አይመለስበትም። ጎማውን መልሶ ገጠመው።

ሆስፒታሉን አልደግምልሽም፤ አንቺ ነሽ የተኛሽበት። አባትሽ ግን የአልጋሽ ራስጌ ቆሞ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። “ድንጋዩን ነው የመታሽው። ዘንጉን ሰበርሽው። ቸኮልሽ።” አንቺ ክንድሽ በጀሶ ታስሮ፣ “አባዬ፣ ድንጋዩ ጋ ሳልደርስ መሪው ነው የለቀቀኝ” አልሽ። “የገለበጠ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው” አለሽ። እኔ ግርጌሽ ተቀምጬ ብርቱካን እልጥ ነበር። ልጬ ልጬ ነጩን እንኳ አንድ ሳይቀር ስልጥ ቆየሁ፤ ቀና ካልኩ መናገር ስላለብኝ። አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ ብርቱካኑን ሰጠሁሽ።

ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከገጽ 212 አላለፈም።

ስለ አባትሽ ግን የማላውቀው ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ልንገርሽ። እሱ ሲሞት ያንገበገበኝ ሳያውቅ መሞቱ ነበር፤ ሳልነግረው፣ የልጁን ጥፋት አምኖ መሞቱ። ከሦስት ሳምንት በፊት የፊት ግራውን ስፈታ ከዳዶው ሥር የምትገባው ሮንዴላ ጠፋችኝና የመሣሪያ ሣጥኑን እስከ ታች አራገፍኩት። ከሥሩ የከረሜላ ቆርቆሮ ወጣ። በአሮጌ ሸሚዙ እጅጌ የተጠቀለለ አንድ ዳዶ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ከአደጋው ሰሞን ጀምሮ ጠፍቶብኝ የነበረው የጥፍር ቀለም ጠርሙስ። ደርቋል። ዳዶው ላይ የኔ ቀይ መስመር ቁራጭ አለ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፤ አላለቀስኩም፤ ማወቅ ፈለግሁ። ዘንጉ ተጣምሟል፣ ጫፉ ላይ ያለው ቡሎን ግን ደህና ነው። ወደ ቦታው መለስኩትና ዳዶውን በጣቴ አዞርኩበት። ጥርሱ ምንም አልተበላም፤ እንደ አዲስ ገባ። ተሰብሮ ወይም ተመትቶ የወጣ ዳዶ እንዲህ አይገባም፤ ይህ በራሱ እየዞረ የወጣ ነው። ቡሎኑ ጫፍ ላይ የቀረችው ቀይ ከዳዶው ቀይ ጋር እስክትገናኝ አዞርኩት። ተገናኙ። አንድ መስመር ሆኑ። ያኔ በሳብኩት ቦታ ላይ ማለት ነው። አሁን መፍቻውን አስገብቼ ገፋሁት። ዞረ። ደግሞ ገፋሁት። ዞረ። አንድ ዙር ተኩል ሄዶ ነው የቆመው። ያቺን አንድ ዙር ተኩል ያኔ እጄን ባሳርፍ አገኛት ነበር።

መጽሐፉ እዚያ ቡሎን ላይ ዳዶው እንዳይወጣ የሚያግድ የሽቦ ቁልፍ ማለፍ አለበት ይላል። አባትሽ ያስገባው ጫፍ ከሌላ መኪና የወጣ ስለነበር ቀዳዳ አልነበረውም፤ “ቀዩ ይበቃል” ብሎ አልፎታል። ይህን የምነግርሽ ጥፋቴን ለማካፈል አይደለም። ስላየሁት ነው።

በማግስቱ ለአጎትሽ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት። ወንበሩ ላይ ሆኖ እግሩን በእጁ አንሥቶ ወዲያ አዞረው።

“እና እንግዲህ” አለ፣ “ይሄን ሁሉ ዓመት ሾርባ ስታመላልሺልኝ የነበረው ለዚህ ነው?”

“ለዚህም ነው።”

“ጨው ይበዛበት ነበር።”

ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም። “የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ ሰምቻለሁ” አለ። “እናንተ የእምዬን ወደ ልጅ ለከካችሁት።” ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ ሄደ። ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ሾርባም አልላክሁም፤ በምን አፌ።

በአሥረኛው ቀን ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ይዞ መጣ፤ ትክክለኛውን፣ በወረቀት አስጽፎ። ሳይቀመጥ፣ “ጎማ ለጣፊውን አነጋገርኩት” አለኝ። ያን ጊዜ በውድድሩ ማግስት አባትሽ መስኩ ላይ ብቻውን አጎንብሶ ሲሄድ ጎማ ለጣፊው አይቶታል። ቀለበት የጠፋበት መስሎት አብሮት ፈልጓል። አጎትሽ “የት ነው ፍለጋውን የተወው?” ብሎ ጎማ ለጣፊውን ጠየቀው። ደረቁ ወንዝ ጋ፣ አንድ ነገር ከአሸዋው አንሥቶ ኪሱ ከተተና ምንም ሳይለኝ ሄደ አለው።

ደረቁን ወንዝ ታውቂዋለሽ። ከድንጋዩ በፊት ነው። ሦስት መቶ ሜትር በፊት።

ልጄ፣ መሪው ነው የለቀቀሽ። ቀድሞ ነው የለቀቀሽ። አልቸኮልሽም። ዳዶ በሌለው መሪ ሦስት መቶ ሜትር ይዘሻት ሄደሻል፤ አጎትሽ ይህን ሲሰማ “እኔ ያኔ ‘ግራ! ግራ!’ እያልኩ ስጮህባት ነበር፤ በምኗ ትታጠፍልኝ?” ብሎ ራሱን በጥፊ መታ።

አባትሽም አውቋል። ከማግስቱ ጀምሮ። የማን መስመር እንደሆነ፣ ማን ሳይነካ እንደቀባ አውቆ፣ ዳዶውንና ጠርሙሴን አንድ ላይ ደብቆ፣ ከኔ ጋር ሦስት ዓመት ቁርስ በላ። አንድ ቀን በነገር እንኳ አልነካኝም። ለምን ሕዝብ ሰብስቦ አላወጣኝም አልልም። ለምን እኔን ለብቻዬ “አንቺ ነሽ” አላለኝም? እኔ እንዳልሰበር ይሆናል። ወይም እሱም ተመልሶ ሳያጠብቅ፣ ሽቦውን ሳያሳልፍ በማለፉ አፍሮ ይሆናል። ሞተር ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር፤ የሱን ሆድ የምፈታበት መፍቻ የለኝም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ለኔ ያዘነልኝን ዋጋ ያስከፈለው አንቺን ነው። አንዷን ለማዳን ሌላዋን ጣለ፤ የጣላት ደግሞ መንዳት የምትችለዋን ነው። ይቅር በዪው አልልሽም። እኔንም ይቅር በዪኝ ብዬ ዛሬ አልጠይቅሽም፤ መጀመሪያ ተቆጪ። ቁጣሽን ስድስት ዓመት ዘግይቼ ነው የማደርስልሽ።

እሑድ ስትደውይ ዳዶው የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። እያሻሸሁት ነው “አንቺ ታውቂያለሽ” ያልኩሽ። አጎትሽ ከጎኔ ነበር፤ ስልኩን ስዘጋ፣ “ስልክ ላይ ካልወጣልሽ ማንበብ እንጂ መጻፍ አትችይም ያለሽ አለ?” አለኝ። ይኸው ጻፍኩ። የፋርማሲስቷ ልጅ ቅዳሜ ወደዚያ ስለምትበር ደብዳቤውንም ዳዶውንም እሷ ታደርስልሻለች። አጥበሽ እንዳትጠርጊው፤ ቀዩ ይለቃል።

ለመሥሪያ ቤትሽ ምን እንደምትመልሺ አልነግርሽም። እምቢ ካልሽ እምቢ በዪ። ግን በእውነቱ ላይ ቆመሽ በዪ እንጂ እኛ በሰጠንሽ ውሸት አይሁን።

ፍየሏ አሁን ትነሣለች፤ ትቆማለች፤ ወዳዞሯት ትዞራለች። ብረት የሚቀርጸው ባለ ቶርኖ አዲስ ዘንግ ሠርቶ፣ ጫፉን በስቶ፣ “ማነው የሚነዳት?” ቢለኝ “እሱን አልጠየቅሁም” አልኩት። ዳዶዎቿን ሁሉ እኔ አጠበቅሁ፤ አጎትሽ መፍቻውን እየተቀበለ በክንዱ ሞክሮ ቀባ። ሱቁ ውስጥ ቀይ ስላልነበረ ሮዝ ነው ገዝቶ የመጣው፤ ሠርግ የምትሄድ መስላለች። የፊት ግራው ጋ ስንደርስ ግን “ጠበቀ!” ብዬ መፍቻውን ብዘረጋለት እጁን ሰበሰበ። “ይሄኛው የኔ ተራ አይደለም” አለና ጠርሙሱን ክዳኑን ዘግቶ ዳሽቦርዷ ላይ አስቀመጠው።

ስለዚህ አንድ ዳዶ ሳይቀባ ቀርቷል። እስከ መጨረሻው አጥብቄዋለሁ፤ የሽቦ ቁልፉም አልፎበታል። እኔ ስላልኩሽ ግን አትመኚው። መጥተሽ በራሽ እጅ ሞክሪው።

የረገጥሽው መሬት አይክዳሽ። የያዝሽው ሁሉ ይታዘዝሽ። ፈጣሪ እኔ ያላሳረፍኩትን እጅ እሱ ያሳርፍልሽ።

እናትሽ